10 ሴንቲሜትሯ ሚሌኒየም ፋልከን መጫወቻ እንዳትመስል ቀለሟን እንዴት ላድርገው?

የጉለሌው

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

እህቴ ለፋሲካ ከቨርጂኒያ ስትመጣ የጃፓኑን ሞዴል አምራች የባንዳይን ትንሿን ሚሌኒየም ፋልከን ይዛልኝ መጣች። የስታር ዎርሷን መርከብ ማለቴ ነው። ርዝመቷ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። ሙጫ አያስፈልጋትም፤ ክፍሎቿ ቀጭ እያሉ ይገጥማሉ። ገጣጥሜ ጨርሻታለሁ። የቀረጿት ሰዎች እጃቸው ይባረክ! ቧንቧው፣ የላሜራው መጋጠሚያ፣ የመድፎቹ ቦታ ሳይቀር ሁሉም አለ።

ችግሩ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ግራጫ መሆኑ ነው። መደርደሪያ ላይ ሳስቀምጣት ያ ሁሉ ቅርጽ ይጠፋል። እህቴ ስፕሬይ ቀለምም ገዝታልኝ ነበር፤ ግን ስፕሬይ ቀለም አውሮፕላን ላይ ስለማይፈቀድ እዚያው ትታው መጣች። ስለዚህ እዚሁ አዲስ አበባ በሚገኘው ነገር ልሠራት ነው።

አሁን ያለኝ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገዛሁት አክሪሊክ፣ ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ የሠዓሊ የዘይት ቀለም፣ ሁለት ቀጫጭን ብሩሾች፣ ጥቁር ቀጭን ስክሪፕቶ እና እርሳስ ነው። ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛዬ ደግሞ የመኪና ቀለምና ቲነር አመጣልሃለሁ ብሎኛል። ኤርብራሽ (ቀለም በአየር የሚነፋ መሣሪያ) የለኝም።

መስመሮቹን በጥቁር ስክሪፕቶ ብሞላቸው ቅርጿ ይወጣ ይሆን? የመኪና ቲነሩስ ለፕላስቲክ ይሆናል? ከኋላዋ ያለውን የሞተር ብርሃንስ በብሩሽ ብቻ መሥራት ይቻላል? ይህችን መርከብ ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳታለሁ። ተቻኩዬ ላበላሻት አልፈልግም፤ እባካችሁ የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ካርቶንና ሙጫ

እንኳን ደስ አለህ! እኔ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። ፋልከን ሠርቼ አላውቅም፤ የሕንፃ ሞዴል ግን በብሩሽና በአክሪሊክ ነው የምቀባው።

መጀመሪያ እጠባት። ከፋብሪካ ሲወጣ ፕላስቲኩ ላይ የሚቀር ቅባት አለ፤ የእጅህም ወዝ አለበት። ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሽ የሰሃን ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሽተህ በራሷ ትድረቅ። ከዚያ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚቀባው። የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አክሪሊክ ባዶ ፕላስቲክ ላይ ጥሩ አድርጎ አይዝም፤ ሲደርቅ በጥፍር ይላጣል።

አክሪሊኩን ከቱቦው አውጥተህ እንዳለ አትቀባው። ወተት እስኪመስል በውሃ አቅጥነው። የመጀመሪያው ቅብ ሲያርፍ ያስጠላል፣ ስሩ ይታያል፣ ቦታ ቦታ ይዘላል። ተወው ይድረቅ። ሁለተኛው የተሻለ ይሆናል፣ ሦስተኛው ይሸፍናል። ግማሽ የደረቀ ቀለም ላይ በብሩሽ ከተመለስክበት ግን ይቦጨቃል፤ በተለይ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያስታውቃል።

ስክሪፕቶውን አልመክርህም። ከላዩ ቫርኒሽ ስታደርግ ቀለሙ ይለቅና ዙሪያውን ያበላሻል። መስመሩን መሳል ካማረህ 0.3 ሚሊሜትር ተገፊ እርሳስ ተጠቀም። ከተሳሳትክ ላጲስ አለ።

ላሜራ

ወንድሜ የጉለሌው፣ እህታችን ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ቀን ቀን መኪና እቀባለሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ እነዚህን ትንንሽ መርከቦች። ስለዚህ ከቲነሩ ልጀምር።

የጋራዥ ቲነር አጠገቧ እንዳይደርስ። ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን ነው። ቲነር ውስጥ ያሉት እንደ አሴቶንና ቶሉዊን ያሉ ነገሮች ፖሊስታይሪንን ያሟሙታል። የተቀረጸው መስመር ሁሉ ይለሰልስና ይደፈናል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። በቲነር የሚቀጠን የመኪና ቀለም በብሩሽ መቀባትም ያው ነው። በስፕሬይ የሚሸጥ የፕላስቲክ ፕራይመር ከተገኘ ግን ጥሩ ነው። ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀህ፣ ጭጋግ ያህል፣ እያሳለፍክ ብቻ ንፋው። እጅህ አንድ ቦታ ላይ እንዳይቆም። መጀመሪያ ግን ክፍሎቹ ተንጠልጥለውበት የነበረው የፕላስቲክ ፍሬም ላይ ሞክረው። ፍሬሙን ጥለኸው ከሆነ ከቆሻሻ ቅርጫት አውጣው፤ ከመርከቧ ጋር አንድ ፕላስቲክ ስለሆነ ከእሱ የተሻለ መሞከሪያ አታገኝም።

አሁን ወደ ስክሪፕቶው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። መርከቧ እውነተኛ ብትሆን ርዝመቷ ወደ 35 ሜትር ነው። ያንተዋ 10 ሴንቲሜትር ናት። ስለዚህ እሷ ላይ 1 ሚሊሜትር ማለት 35 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ ጥቁር የስክሪፕቶ መስመር 17 ሴንቲሜትር ክፍተት ሆነ። በሁለት ላሜራ መሀል ድመት የሚያሾልክ ክፍተት ያለው መርከብ ጠፈር አይወጣም! ዓይናችን ይህን ሒሳብ ቁጭ ብሎ ባይሠራም ያውቀዋል። ወፍራም ጥቁር መስመር ያየ ሰው «ትንሽ ናት» ብሎ ይደመድማል።

ብዙ ሰው ትንሽ ሞዴል ሲቀባ ዝርዝሩ ይታይልኝ ብሎ ያጎላዋል። ጥቁሩን ያጠቁራል፣ ነጩን ያነጣል፣ ቀዩን ያቀላል። እኔ የምመክርህ ተቃራኒውን ነው። ሞዴሉ ባነሰ ቁጥር በቀለሞቹ መካከል ያለው ልዩነትም ይነስ። እንጦጦን ከታች ስታየው በዛፎቹ መሀል ያለው ጥላ ጥቁር ሆኖ አይታይህም፤ ለዘብ ያለ ሰማያዊ ግራጫ ነው። ጠፈር ላይ አየር የለም ትለኝ ይሆናል፣ ልክ ነህ። ዓይናችን ግን የትልቅ ነገርን መልክ የተማረው እዚህ ምድር ላይ ነው፤ መርከቧንም የሚመዝናት በለመደው ነው።

የመሠረት ቀለሟ ንጹሕ ነጭ አይሁን። የመጀመሪያውን የ1977 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ሞዴሎች የሠሩት ሰዎች ለባቡር ሞዴል የሚሸጥ፣ የማቀዝቀዣ ፉርጎ የሚቀባበት ለዘብ ያለ ነጭ ነበር የተጠቀሙት። አንተ ነጩ አክሪሊክ ላይ የስቲኪኒ ጫፍ ያህል ጥቁርና ከዚያም ያነሰ ቡናማ ጨምር። ነጭ ወረቀት ላይ ስታሳርፈው ግራጫ፣ ግራጫ ወረቀት ላይ ስታሳርፈው ነጭ ሲመስልህ ደርሰሃል። በርከት አድርገህ በጥባጭና ክዳን ባለው ብልቃጥ አስቀምጠው። ያንኑ ቀለም ሌላ ቀን ደግመህ ልበጥብጥ ብትል አታገኘውም።

ቀጥሎ ሳህኖቹ፣ ማለትም ገላዋን የሸፈኑት የላሜራ ቁራጮች። ፋልከን ተጠግና ተጠግና የኖረች መርከብ ናት፤ ላሜራዋ ከአንድ ቀን ሥራ የመጣ አይደለም። እኔ እጅግ የምወደው የሥራው ክፍል ይኼ ነው። ከመሠረት ቀለሙ ትንሽ ወስደህ በሦስት ክፈለው። አንዱን በግራጫ፣ አንዱን በቢጫማ ቡናማ፣ አንዱን በነጭ ለውጠው፤ ግን ለውጡ መበጥበጫው ላይ ጎን ለጎን ስታደርጋቸው ብቻ የሚታወቅ ይሁን። ከዚያ እዚህም እዚያም አንዳንድ ሳህን መርጠህ ቅባ። አትደርድራቸው፣ ግራና ቀኙን አታመሳስል። ሁለት ተከታታይ ሳህን ከቀባህ ቀጣዮቹን አምስት እለፋቸው። ስትጨርስ ፊት ለፊት ስታያት ምንም ያልሠራህ ይመስላል። መስኮት አጠገብ ይዘህ ዘወር ስታደርጋት ግን ሳህኖቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ያን ጊዜ ናት ትልቅ የምትመስለው።

ጠርዙ ንጹሕ እንዲሆንልህ የቀለም ቀቢ ፕላስተር መስታወት ላይ ለጥፈህ በአዲስ ምላጭ ቁረጠው። የራሱን የፋብሪካ ጠርዝ አትመነው። መርከቧ ላይ ከመለጠፍህ በፊት እጅህ ጀርባ ላይ አንድ ሁለቴ ለጥፈህ አንሳው፤ ማጣበቂያው ይደክምና ስታነሳው ከሥር ያለውን ቀለም ይዞ አይመጣም። አቀማመጡን በወረንጦ፣ ማንሳቱን ቀስ ብለህ ወደ ኋላ አጥፈህ።

ይህ ሁሉ ከደረቀ በኋላ በውሃ የሚቀጥን አንጸባራቂ የአክሪሊክ ቫርኒሽ ቀባት። አሁን መብረቅረቋ አያስደንግጥህ። ጥቅሙ ሁለት ነው፤ ከሥር ያለውን ቀለም ይጠብቃል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ፈሳሽ ደግሞ እንዲንሸራተት ያደርጋል።

መስመሩን የምታወጣው በዘይት ቀለምህ ነው። ቡናማው ይብዛ፣ ጥቁሩ ይነስ። በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ነው) አቅጥነህ የሻይ መልክ ሲይዝ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ የመስመሩን መጀመሪያ ብቻ ንካው። አትጎትተው። ፈሳሹ ራሱ መስመሩን ይዞ ይሮጣል። የአብራሪው ክፍል ከክቡ አካል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ሞክረውና እይ። አንዴ ነክተህ ብሩሹን ስታነሳ ቡናማው ክር ቱቦውን ዞሮ፣ ቧንቧዎቹ ሥር ገብቶ፣ ያላየኸውን ጉድጓድ ሁሉ አሳይቶህ ይቆማል። እርጥበቱ ሲጠፋና ሲደበዝዝ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አኳራጅ ነካ አድርገህ፣ በጨርቅ ጨምቀህ፣ ከላይ የተረፈውን ከፊት ወደ ኋላ ጥረገው። ወደ ጎን ጠርገህ አትመልሰው። ሙሉ በሙሉም አታጽዳው፤ ወደ ኋላ የሚሳብ ትንሽ ጥላ ቢቀር ደስ ይላል።

ቀለሙ የተላላጠ ለማስመሰል በስፖንጅ የሚደረገውን ነጠብጣብ ይህች ላይ አታድርገው። ሒሳቡን አስታውስ። አንዲት ሚሊሜትር ነጠብጣብ እግር ኳስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ናት። ለጠርዞቹ ያ እርሳስህ ይበቃል። ተኛ አድርገህ ጠርዙን ብቻ ደባብሰው፤ ቀለሙ ያለቀበት ብረት ይመስላል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንቴናዋ ክብ ናት ወይስ አራት ማዕዘን?

ዴይራ ነኝ

ላሜራ ሁሉን ብሎታል፣ እጁ ይባረክ። እኔ ከዱባይ ነኝ። የምጨምረው ጥንቃቄ አለኝ፣ የማልስማማበት ነገርም አለ።

ጥንቃቄው ስለ አኳራጁ ነው። እነዚህ ያለ ሙጫ የሚገጥሙ ሞዴሎች መጋጠሚያቸው ላይ ፕላስቲኩ ሁሌም እንደተወጠረ ነው። ዘይት ማቅጠኛ ፈሳሽ እዚያ ውስጥ ሰርጎ ከተጠራቀመ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዴ ክፍሉ በሙሉ ለሁለት ይከፈላል። ከላይ የሚታየውን ቦታ ቫርኒሹ ይጠብቀዋል፣ የመጋጠሚያው ውስጥ ግን ቫርኒሽ አይደርሰውም። ስለዚህ ብሩሽህን ፈሳሹ ውስጥ ከነከርክ በኋላ ጨርቅ ላይ አራግፈው። በአንድ ጊዜ ትንሽ ቦታ ብቻ ሥራ፣ ፈሳሽ ሲያቁር ካየህ ወዲያው በደረቅ ብሩሽ ጫፍ ምጠጠው። የላይኛውና የታችኛው አካል ሳይሰበር የሚለያይልህ ከሆነ ለያይተህ ብትሠራ ደግሞ የተሻለ ነው።

ሌላው የአየር ጠባይ ነው። እዚህ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ስፕሬይ ገና አየር ላይ እያለ ይደርቅና ሞዴሉ ላይ እንደ አቧራ ያርፋል፤ ስትዳስሰው ብርጭቆ ወረቀት ነው። እናንተ ጋ ክረምት ላይ ተቃራኒው ነው። ዝናብ እየዘነበ ወይም ገና እንዳባራ ቫርኒሽ ከነፋህ እርጥበቱ ውስጡ ይቀርና ነጭ ጉም ይሆናል። ጥቁር ቀለም ላይ በጣም ያስታውቃል። ሰማዩ ሲጠራ፣ ከረፋዱ በኋላ ንፋው። መስኮት ክፈት፣ ጭምብል አድርግ፣ ሻማም ምድጃም አጠገብህ አይኑር።

የማልስማማው ቆሻሻውን በጣም በማሳነሱ ላይ ነው። ፋልከን ንጹሕ መርከብ አይደለችም። የፊልሙን ሞዴል ፎቶ ስናይ ጥላሸት፣ ዝገት፣ የተኩስ ጠባሳ አለባት። እነዚያ ሞዴል ሠሪዎች ከታንክ፣ ከአውሮፕላንና ከመኪና ሞዴል ሳጥን ቁርጥራጭ እያወጡ ነው ገላዋን የሞሉት፤ ከዚያም ሁሉንም አቆሸሹት። እኔ ሁለት ሦስት የተኩስ ጠባሳ አደርግላታለሁ። ጥቁር ፓስቴል በብርጭቆ ወረቀት ፈጭቶ፣ ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ ነካ ማድረግ ነው።

የጉለሌው

በጣም ነው የማመሰግነው፣ ሁላችሁንም። ፍሬሙን አልጣልኩትም፣ ሳጥኑ ውስጥ አለ። ቲነሩንም ይቅርብኝ ብዬ ለጓደኛዬ ነግሬዋለሁ።

ጋሼ ላሜራ፣ አንቴናዋ አራት ማዕዘን ናት። የቀሩኝ ጥያቄዎች የሞተሩ ብርሃንና ቀያዮቹ ሳህኖች ናቸው። ለሞተሩ መብራት ልግጠምላት ብዬ ነበር፤ ሆዷን ሳየው ግን ባትሪ የሚገባበት ቦታ የለም።

ላሜራ

አራት ማዕዘን ከሆነች የ2015ቱ ወይም የ2017ቱ (እ.ኤ.አ.) ፊልም ናት። የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ላይ አንቴናዋ ክብ ነበረች። ስለዚህ ፎቶ እያየህ ስትሠራ የዚያችኛዋን ፎቶ አትከተል፤ የቀለም ሳህኖቹ አቀማመጥ አይገጥምልህም።

ዴይራ ስለ ስንጥቁ የተናገረው ትልቅ ነገር ነው፣ በደንብ ያዘው። ስለ ጠባሳው ደግሞ ልክ ነው፣ ይኑራት። እኔ የምለው ጥቁርነቱ ሳይሆን ስፋቱ ይጠበቅ ነው። አንድ ጠባሳ ከሩዝ ፍሬ ግማሽ በላይ አይሁን። መሀሉ ጥቁር ግራጫ፣ ዳሩ እየጠፋ ይሂድ። ሦስቱንም አንድ ጎን ላይ አድርጋቸው፤ ተኩሱ ከአንድ አቅጣጫ የመጣ ይምሰል።

መብራቱን ተወው። 10 ሴንቲሜትር ውስጥ ሽቦና ባትሪ ለመክተት አካሉን መቦርቦር አለብህ፣ ብርሃኑም በስሱ ፕላስቲክ ያሳልፋል። በቀለም የተሠራ ብርሃን በዚህ መጠን ከበቂ በላይ ነው። አሠራሩ ይህ ነው። የኋላውን ረጅም ቅስት በሙሉ በንጹሕ ነጭ ቅባው። መርከቧ ላይ ንጹሕ ነጭ የሚፈቀደው እዚህ ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላው አካል ያን ሁሉ ግራጫ የለበሰውም ለዚህ ይጠቅማል። ነጩ ሲደርቅ ሰማያዊ አክሪሊክ በብዙ ውሃ አቅጥነህ ከላይኛውና ከታችኛው ጠርዝ አስገባው። መሀሉ ነጭ ሆኖ ይቅር። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ቀብቶ መሀሉ ላይ ነጭ መስመር ያሰምራል፤ ያ ብርሃን ሳይሆን ክር ይመስላል። የደማቅ ብርሃን መሀል ነጭ ሆኖ ነው የሚታየን፤ ቀለሙ የሚታየው ብርሃኑ በሚደክምበት ዳር ላይ ነው። በመጨረሻም ከቅስቱ በላይና በታች ያለው ላሜራ ጠርዝ ላይ ያንኑ ቀጭን ሰማያዊ እንዳለ በማይታወቅ መጠን አንዴ አሳልፍበት። ከሞተሩ የወጣው ብርሃን እዚያ ያረፈ ይመስላል።

ከላይ ወደ ኋላ በኩል ያሉትን ስድስት ክብ ጭስ ማውጫዎች ጥቁር አታድርጋቸው። ጥቁር ግራጫ ይብቃቸው፤ የዘይቱ ፈሳሽ ሲገባባቸው በራሳቸው ይጠልቃሉ። የአብራሪው መስኮት መስታወቱ ብቻ ጥቁር ይሁን፤ መጨረሻ ላይ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ጠብ ታደርግበታለህ።

ቀያዮቹ ሳህኖች ላይ ቀዩን ከቱቦ እንደወጣ አትጠቀም። ቡናማና ከመሠረት ቀለሙ ጨምርበት፤ የደረቀ በርበሬ መልክ ይምጣ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ አይሁኑ፣ አንዱ ከሌላው ይድከም። ከዚሁ ጋር የሚነሳ ነገር አለ። የ1977ቱ (እ.ኤ.አ.) ፊልም ሲሠራ ሞዴሎቹ የሚቀረጹት ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ነበር፤ ሰማያዊው በኋላ ጠፍቶ ጠፈር ይተካበታል። የትንንሾቹ ተዋጊ መርከቦች ምልክት ሰማያዊ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ከመጋረጃው ጋር ስለሚጠፋ ነው ወደ ቀይ የተቀየረው። ሰማያዊ ምልክት ያማረው ሰው ቢኖር ዛሬ መጋረጃ የለብንም፣ ይቀባ። ፋልከን ላይ ግን ቀዩን ነው የምወደው።

ማሳረጊያው የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ነው። ሞተሩንና መስኮቱን በትንሽ ፕላስተር ሸፍነህ ሌላውን ሁሉ አልብሰው። ዘይት ቀለሙ በደንብ መድረቁን ሳታረጋግጥ ግን እንዳትጀምር። የዘይት ቀለም በአኳራጅ ቢቀጥንም ቀስ ብሎ ነው የሚደርቅ፤ ሳምንት ብትተዋት አይከፋም። ብርጭቆ ድፋባትና አቧራ እንዳያርፍባት አድርግ።

ሥራውን ደግሞ ከሆዷ ጀምር። መደርደሪያ ላይ ስትቀመጥ የማይታየው እሱ ነው፤ የቀለሙን ውፍረትና የፈሳሹን አካሄድ እጅህ እዚያ ይልመደው። ሆዷ ሲያልቅ ፎቶውን እዚህ ለጥፈው፣ ላይኛውን ሳትነካ አብረን እናየዋለን።